መሃከለኛው መስታወት

ቦሎኛ፣ ኖቬምበር 5 ቀን 1961

ለተከበርከው ኢንጂነር ኦታቪዮ ብራጊን
ሰርዲንያ፣ የግድቡ ሥራ ሰፈር

እንደምን ከርመሃል ልጄ? መልሱን በማዘግየቴ አትቀየመኝ። ደብዳቤህ የደረሰኝ በሙታን መታሰቢያ ሰሞን ነበር፤ የአሜዴዮን መቃብር ሳጸዳና አበባ ሳመላልስ ሳምንቱ አለቀ። ባሌ ሞቶም ቢሆን ያለ ሥራ አያስቀምጠኝም።

ወደ ጥያቄህ ልምጣ። አዎ፣ ሦስቱም ደህና ናቸው። ዛሬ ከቅዳሴ መልስ እንደ ወትሮዬ በርጩማ ላይ ወጥቼ፣ መነጽሬን አድርጌ አየኋቸው። የላይኛው ደህና፣ መሃከለኛው ደህና፣ የታችኛውም ደህና። «14-3-58 ኦ.ብ.» የሚለው ጽሕፈትህም እንዳለ ነው። የመመረቂያ ጽሑፌ ስለ አሮጌ በረንዳዎች ነው ብለህ፣ ጀሶውን በእኔ የሾርባ ሳህን በጥብጠህ፣ ስሶቹን መስታወቶች የግድግዳው ስንጥቅ ላይ አጋድመህ ስትለጥፍ መሰላሉን ይዤልህ የቆምኩት እኔ ነኝ። ግድግዳው ከተንቀሳቀሰ መስታወቱ ይሰበራል፣ ካልተሰበረ ግን በሰላም ይተኙ አልከኝ። ሳህኑ እስከ ዛሬ ነጭ ነጭ ይላል፤ እኔ ግን ይኸው ሦስት ዓመት ተኩል በሰላም ተኛሁ።

አሁን የማስቸግርህ ነገር መጣ። የማዘጋጃ ቤቱ ቀያሽ ባለፈው ሳምንት በመንገዳችን እየዞረ የእንጨት ምሰሶ ያላቸውን በረንዳዎች ሲያይ ነበር። እኔ ደጃፍ ሲደርስ አንገቱን አቅንቶ ብዙ ቆመ። በረንዳው የእርስዎ ነው፣ ከሥሩ ያለው መንገድ ግን የሕዝብ ነው አለኝ፤ የማላውቅ ይመስል። አርባ ዓመት በየቅዳሜው የማጥበው ለማን እግር መሰለው? ከበረንዳው በላይ ያለው ክፍል፣ ያንተ የነበረው፣ ወደ መንገዱ ያዘነበለ መሰለው። ስለዚህ ቤቱን ልቀቁ ሊባል ይችላል። ወይም ደግሞ ቤቱን አጥንቶ የሚያውቅ አንድ ኢንጂነር ደህና ነው ብሎ ፈርሞ ቢሰጠኝ እንደሚቀበል ነገረኝ።

ቤቱን ካንተ በላይ የሚያውቅ ኢንጂነር ከየት ይመጣል? ስድስት ዓመት ኖረህበታል። መምጣት አያስፈልግህም፤ መንገዱ ሩቅ ነው፣ ባሕርም አለበት። መስታወቶቹ ደህና መሆናቸውን ይኸው ነግሬሃለሁ። ከዚህ ካስወጡኝ መግቢያዬ የእህቴ ልጅ ቤት ነው፤ ከከተማው ዳር በተሠራው አዲስ ፎቅ። እዚያ ከሳምንት በላይ ከርሜ አላውቅም፣ የከረምኩትንም አልወደድኩትም።

ተከራዬ ሳቬሪዮ፣ ያ የጻፍኩልህ ከሌቼ የመጣው የሕግ ተማሪ፣ አሁንም አለ። ያንተ አልጋ ላይ ነው የሚተኛው፤ ቁመቱ ግን ካንተ ስለሚበልጥ እግሩ አልጋውን አልፎ ይንጠለጠላል።

አክባሪህ
ዜሊንዳ ጋምቤሪኒ



ሰርዲንያ፣ ኖቬምበር 21 ቀን 1961

ለተከበሩ ሲኞራ ዜሊንዳ

እንደምን አሉ? ሰላምታዬ ባሕሩን አቋርጦ ይድረስዎ።

የጠየቁኝን ወረቀት ከዚህ ጋር ልኬልዎታለሁ። የመሥሪያ ቤቱ ማኅተም በሌለው ወረቀት ላይ የጻፍኩት ጉዳዩ የግል ስለሆነ ነው፤ ቀያሹ ከጠየቀዎት እንዲሁ ብለው ይመልሱለት። ሦስት ጊዜ ጽፌ ሦስት ጊዜ ቀደድኩት። እጅዎ የገባው አራተኛው ነው።

ኋላ በላኩልኝ ፖስት ካርድ ስለ አኗኗሬ ለጠየቁኝ፣ እዚህ ኢንጂነሩም ሠራተኛውም የሚበላው በአንድ አዳራሽ ነው። ጠረጴዛው ግን ይለያያል። እኔ የምቀመጠው በር አጠገብ ነው፤ ነፋስ ይገባል፣ ሌላው ደህና ነው። ከሥራ በኋላ ሰዉ ካርታ ይጫወታል፤ እኔ ካርታ አልችልም። እሑድ እሑድ የማወራው ሰው ስለሌለኝ ለእርስዎ እጽፋለሁ። ይህን የምለው እንዲያዝኑልኝ አይደለም።

አንድ ነገር ልለምንዎ። የጻፍኩት ቃል የቆመው በመስታወቶቹ ላይ ነው። እነሱ ደህና ከሆኑ እኔም እውነት ጽፌያለሁ ማለት ነው። እባክዎ እንደገና ይመልከቱልኝ፤ በተለይ መሃከለኛውን። ጥፍርዎን በላዩ ላይ ሳብ ያድርጉት። ዓይን የሳተውን ጥፍር ያገኘዋል።

ታዛዥዎ
ኦታቪዮ



ቦሎኛ፣ ዲሴምበር 17 ቀን 1961

ኢንጂነር ኦታቪዮ ልጄ፣ እንደምን አለህ?

ወረቀትህ ሠራ። ቀያሹ እዚያው በረንዳው ሥር ቆሞ ሁለት ጊዜ አነበበው። ለምን ራሱ መጥቶ አላየውም አለኝ። ግድብ የሚሠራ ሰው ለእኔ በረንዳ ብሎ ባሕር ይሻገራል ወይ አልኩት። ሳቅ አለና አጥፎ ኪሱ ከተተው፤ እስከ በጋው ድረስ የሚነካኝ የለም። በዚያ ሳምንት በረንዳውን ሁለት ጊዜ አጠብኩት። ውሃው እጄን እስኪያደነዝዘኝ ቀዝቅዞ ነበር፤ ግን ደስ ብሎኛል።

መሃከለኛውን በጥፍሬ ዳስሼዋለሁ። ደህና ነው አልኩህ፤ ስንት ጊዜ ልበል? የሳቬሪዮ በር አልገጥም አለ ብዬ በመሃል በላክሁት ደብዳቤ የጻፍኩልህም ለወሬ ያህል ነው። አንተ ግን ከደብዳቤው ሁሉ እሷን ብቻ መርጠህ ታስጨንቀኛለህ። እንጨት በክረምት ያብጣል፤ ይህን ለኢንጂነር የማስተምረው እኔ ነኝ?

ጭጋጉ ከተማውን ከዋጠው ሰነበተ። ከመስኮቴ ማዶ ያለው በረንዳ አይታየኝም፤ የሰው ኮቴ ብቻ እሰማለሁ። ሳቬሪዮ ለገና ወደ ሌቼ ሄዷል። የቶርቴሊኒውን ሊጥ በሥጋ እየሞላሁ እንደ ዓመቱ ዛሬ ስጠቀልለው ዋልኩ። ለራሴ ብዬ ነበር የጀመርኩት፤ ስጨርስ የአራት ሰው ሆኖ ጠረጴዛው ላይ ቁጭ አለ። ማን እንደሚበላው አላውቅም። የዶሮ መረቁን ጥጄ ብቻዬን ተቀመጥኩ።

ፋሲካን እዚህ ና። የጓሮው ክፍል ባዶ ነው።

ዜሊንዳ



ሰርዲንያ፣ ጃንዋሪ 14 ቀን 1962

ለተከበሩ ሲኞራ ዜሊንዳ

እንደምን አሉ? እንኳን ለአዲሱ ዓመት አደረስዎ። ባለፈው አጠያየቄ ካስቀየመዎት ይቅር ይበሉኝ። አላምንዎትም ማለቴ አልነበረም።

ነገር ግን በሩን ልተወው አልቻልኩም። የእርስዎን ደብዳቤዎች አንድም ሳልጥል አስቀምጫለሁ፤ ሰሞኑን አውጥቼ ሁሉንም አነበብኳቸው። ባለፈው ዓመት ኦገስት ላይ፣ በዚያ ሁሉ ሙቀት፣ ያው በር እንዳልገጠመና ሳቬሪዮ በወንበር ደግፎት እንደሚተኛ ጽፈውልኛል። በኦገስት እንጨት አያብጥም።

ሳቬሪዮን ወደ ጓሮው ክፍል ያዛውሩልኝ። ምክንያቱን አይጠይቁኝ፤ ለእኔ ሲሉ ብቻ። ወረቀቱን ከላክሁ ወዲህ እንቅልፍ የለኝም። በዓይነ ሕሊናዬ የማየው ግድግዳውን አይደለም፤ ጠዋት ጠዋት መጻሕፍታቸውን ታቅፈው በዚያ በረንዳ ሥር ወደ ዩኒቨርሲቲው የሚሮጡትን ተማሪዎች ነው።

ለፋሲካ ጥሪዎ አመሰግናለሁ። መምጣት አልችልም። ሥራ አለብኝ ብዬ ልጽፍልዎት ነበር፤ ሥራ አይደለም።

ታዛዥዎ
ኦታቪዮ



ሰርዲንያ፣ ፌብሩዋሪ 11 ቀን 1962

ሲኞራ ዜሊንዳ

አጭሯ ደብዳቤዎ ደረሰችኝ። «ኢንጂነር ከሆንክ በፊርማህ እመን፤ ካላመንክ ለምን ፈረምክ?» ብለው ጽፈውልኛል። ተቆጥተው እንደጻፉት ገብቶኛል። ይሁን እንጂ መልስ የሚያስፈልገው ጥያቄ ነው።

ኢንጂነር አይደለሁም።

አንድ ፈተና ቀርቶኝ ነበር፤ ሸክምና ግድግዳ እንዴት እንደሚቻቻሉ የሚያስተምረው። ሦስት ጊዜ ተቀምጬ ሦስት ጊዜ ወደቅሁ። ሦስተኛውን የወደቅሁት አባቴ ዝይ በቅርጫት ይዞ ሊያስመርቀኝ በመጣበት ቀን ነው። ከፈተናው ወጥቼ ወዴት እንደምሄድ አላወቅሁም። ከዩኒቨርሲቲው ጀርባ ካለችው አበባ ሻጭ፣ የምሩቃኑን የቅጠል አክሊል በራሴ ገንዘብ ገዝቼ ጭንቅላቴ ላይ አደረግሁትና ወደ ቤትዎ መጣሁ። እርስዎ ነጩን የጠረጴዛ ልብስ አንጥፈው ነበር። ዝይዋ ተጠብሳ ነበር። አባቴ አለቀሰ። ከዚያ በኋላ ወድቄያለሁ እንዴት ልበል?

እዚህ የምሠራው ንድፍ ቤት ነው። ኢንጂነሮቹ የሚያሰምሩትን መስመር በሌላ ወረቀት ላይ እገለብጣለሁ። ኢንጂነር የሚለኝ የእርስዎ ፖስታ ብቻ ነው። ፖስታ የሚያድለው ሰው ስሜን ጮክ ብሎ እያነበበ ይስቅብኛል። እኔ ግን ያንን ፖስታ በየወሩ እንደ ደመወዝ ቀን ነበር የምጠብቀው። ይህን ሳልናገር ብቀር ይሻለኝ ነበር፤ ግን አንዴ ጀምሬዋለሁ።

ወረቀቱ ውሸት ነው፤ ዛሬውኑ ሄደው ለቀያሹ ይንገሩት። አታሎኛል ይበሉ፤ እውነትም ነው። ሁለት ሳምንት እጠብቃለሁ፤ ካልሆነ እኔው እጽፍላቸዋለሁ።

ኦታቪዮ ብራጊን



ቦሎኛ፣ ፌብሩዋሪ 18 ቀን 1962

ኦታቪዮ ልጄ

አውቅ ነበር።

ነገርን ከሥሩ ይላሉና ከሥሩ ልጀምርልህ። ሳይመረቅ መሃል ከተማ ያለው ረጅሙ ግንብ ላይ የወጣ ተማሪ ከቶ አይመረቅም እንደሚባል ከእኔ በላይ ታውቃለህ። እኔ ቤት ያደሩት ሁሉ በተመረቁ ማግስት ወደዚያ ይሮጣሉ፤ ያንን ሁሉ የእንጨት ደረጃ ወጥተው፣ ከተማውን ከላይ አይተው፣ ሱሪያቸው አቧራ ለብሶ ይመለሳሉ። አባትህ በማግስቱ አብረን እንውጣ ሲሉህ ጉልበቴን አመመኝ አልክ። እሳቸው ብቻቸውን ወጥተው በመሐረባቸው ላባቸውን እየጠረጉ ተመለሱ። ከዚያ በኋላ ሦስት ወር እኔ ዘንድ ስትቆይ በግንቡ ሥር በየቀኑ ታልፍ ነበር፤ አንድም ቀን አልወጣህም። አክሊሉን ገዝተህ ዋሸህ፤ ግንቡን ግን መድፈር አልቻልክም። ገና ትመረቅ ይሆናል ብለህ ተስፋ አድርገህ ነበር። ያኔ አንጀቴን በላኸው። ዝም አይነቅዝም ብዬ ዝም አልኩ።

ይህ ያንተ ነው። አሁን የእኔን ስማ።

መሃከለኛው መስታወት የተሰበረው ዓምና በጃንዋሪ ነው። እሑድ ጠዋት በርጩማው ላይ ወጥቼ ሳየው ለሁለት ተከፍሎ ነበር። የአሜዴዮን ፎቶግራፍ ከማዕቀፉ አውጥቼ መስታወቱን ለመስታወት ቆራጭ ሰጠሁት፤ በአንተ ልክ ስስ አድርጎ ቆረጠልኝ። ጀሶውን በጥብጬ ለጠፍኩት። «14-3-58 ኦ.ብ.» ብዬ ያንተን እጅ አስመስዬ ጻፍኩበት፤ ስምንቷን እንደ አንተ አንገቷን አስረዘምኳት። በሦስት ሳምንት ተሰበረ። እንደገና ለጠፍኩ። እስካሁን አራት ጊዜ ለጥፌያለሁ። አሁን ያለውም ከላይ ወደ ታች ተሰንጥቋል።

የከፋው ገና ነው። ወረቀቱን ካንተ የጠየቅሁት ኢንጂነር ስለሆንክ አልነበረም። እውነተኛ ኢንጂነር ሳያይ አይፈርምም፤ መጥቶ ያየው ነበር፣ አይቶም ያስወጣኝ ነበር። አንተ ግን እንደማትመጣ አውቃለሁ። እንቢ እንደማትለኝም አውቃለሁ፤ እንቢ ለማለት ምክንያቱን መናገር ነበረብህ። ያንተን ሐፍረት ለቤቴ ምሰሶ አደረግሁት። ይህን ስጽፍ አፍራለሁ፤ እንዲህ ያፈርኩበት ሌላ ቀን አላስታውስም።

ለምን ብለህ ብትጠይቀኝ፣ ቤት ብቻ አይደለም። ሦስት ዓመት ሙሉ መስታወቶቹ እንዴት ናቸው እያለ የሚጽፍልኝ አንተ ብቻ ነህ። ተሰበረ ብልህ ምን ትጽፍልኝ ነበር?

ሳቬሪዮን ዛሬ ወደ ጓሮው አዛወርኩት። እዚያ ፀሐይ ይገባል አልኩት፤ አይገባም። ቀያሹ ዘንድ ግን አልሄድኩም። እስከ ፋሲካ ጠብቀኝ። አርባ ዓመት የኖርኩበትን ቤት በጭጋግ አልውጣ፤ ፋሲካን ልዋልበትና ራሴ ሄጄ እነግራቸዋለሁ።

ዜሊንዳ



ሰርዲንያ፣ ፌብሩዋሪ 19 ቀን 1962

ሲኞራ ዜሊንዳ

መልስዎ ገና አልደረሰኝም። ሁለት ሳምንት እጠብቃለሁ ብዬ ነበር፤ አልቻልኩም። ዛሬ ጠዋት ለማዘጋጃ ቤቱ በአደራ ደብዳቤ ጽፌ ልኬያለሁ። ዲግሪ እንደሌለኝ፣ ቤቱን ከሦስት ዓመት ወዲህ እንዳላየሁት፣ የፈረምኩትም ውሸት መሆኑን ነግሬያቸዋለሁ። እርስዎ ምንም እንደማያውቁ ጽፌያለሁ።

ከቤትዎ የማስወጣዎት እኔ ነኝ። ይቅርታ ልልዎት ፈልጌ ነበር፤ ግን ይቅርታ ብዬ የማልመልሰው ነገር ስለሆነ አልጻፍኩትም።

ኦታቪዮ



ቦሎኛ፣ ሜይ 13 ቀን 1962

ኦታቪዮ ልጄ

እንደምን አለህ? ይህ ከወጣሁ ወዲህ የምጽፍልህ አራተኛው ደብዳቤ ነው። ሦስቱ ተመልሰው አልመጡም፤ ስለዚህ ወይ ደርሰውሃል፣ ወይ ያ የሚስቅብህ ፖስተኛ አንድ ቦታ ጥሏቸዋል። ምናልባት ሳትከፍታቸው ቀርተህ ይሆናልና፣ የሆነውን ሁሉ ከመጀመሪያው ልንገርህ።

ማዘጋጃ ቤቶቹ የመጡት ማርች መግቢያ ላይ ነው። ሁለት ቀን ሰጡኝ። በረንዳውን ከዚህም ከዚያም በሳንቃ አጥረው፣ ከሥሩ አጣና አቆሙለት፤ ሰው በማዶ በኩል እንዲሄድ አደረጉ። ዕቃዬን ያወረደልኝ ሳቬሪዮ ነው። በመጀመሪያ ለምን እንዲህ ደበቁኝ ብሎ አላናግር አለኝ። ተኝቼ በላዬ ላይ ይወርድ ነበር እኮ ሲኞራ አለኝ፤ እኔም አዎ አልኩት፤ ሌላ ምን እላለሁ? ከዚያ ቁም ሣጥኑን ብቻውን ተሸክሞ አወረደው።

ግድግዳው የወደቀው ማርች 27 ቀን ከቀትር በኋላ ነው፤ ተማሪው ከትምህርት የሚወጣበት ሰዓት። ያንተ ክፍል ከነመስኮቱ መንገዱ ላይ ተኛ። ማንም አልተነካም፤ በሳንቃው ውስጥ የነበረ አንድም ሰው የለም። ልሄድ አልቻልኩም ነበርና ያየሁት ከአራት ቀን በኋላ ነው። ከመንገድ ሆኜ ቀና ስል የጀርባው ግድግዳ ይታያል፤ አንተ የመረጥከው ሰማያዊ የግድግዳ ወረቀት ሳይቀደድ አለ። አላፊ አግዳሚው ሁሉ የቤቴን ውስጥ ያያል። ያኔ ነው ያለቀስኩት።

እስከ ፋሲካ ጠብቀኝ ብዬህ ነበር። ግድግዳው ለፋሲካ አራት ሳምንት ሲቀረው ወደቀ። ደብዳቤዬ ቀድሞ ደርሶህ፣ አሳዝኜህ፣ እሺ ብለኸኝ ቢሆን ኖሮ እያልኩ አስባለሁ። ፋሲካ ሲያልፍስ በእውነት እሄድ ነበር ወይ? አላውቅም። ራሴን ደጋግሜ ጠየቅሁት፤ አሁንም አላውቅም።

በሐሰተኛው ወረቀት ምክንያት ስለተከፈተው የፍርድ ቤት ጉዳይ ሐሳብ ይዞህ ከሆነ፣ መርማሪው ጠርቶኝ ነበር። ምንም አታውቅም ብለህ ስለ እኔ የጻፍከውን አነበበልኝ። እሱም ውሸት ነው አልኩት። ኢንጂነር አለመሆኑን እያወቅሁ ነው የጠየቅሁት፣ መስታወቱንም የለወጥኩት እኔ ነኝ አልኩት። ጽፎ አስፈረመኝ። ከአንተ ጋር የሚወቀስ ሰው አለ ማለት ነው፤ ብቻህን አይደለህም።

እዚህ የእህቴ ልጅ መልካም ሰው ናት። ጠዋት ሥራ ትሄዳለች፣ ማታ ትመጣለች። ፎቁ አዲስ ስለሆነ በሩ ሁሉ ይገጥማል። በረንዳ ግን የሚባል ነገር የለም፤ ከደጅ ስትወጣ ያለኸው ሰማይ ሥር ነው። ስድሳ ስምንት ዓመት መንገዱ ሁሉ በበረንዳ በተሸፈነው መሃል ከተማ ስኖር ጃንጥላ ኖሮኝ አያውቅም። ባለፈው ወር ዳቦ ልገዛ ወጥቼ ዝናብ መታኝ፤ እንደ ሞኝ ቆሜ የምጠለልበት ምሰሶ ፈለግሁ። በማግስቱ ጃንጥላ ገዛሁ። መዝጋቱን ገና አልቻልኩበትም።

ቅዳሜ ሲመጣ እጄ ሥራ ይፈልጋል። እሑድ ከቅዳሴ ስመለስ የምወጣበት በርጩማ የለኝም። ቁጭ ብዬ ፖስተኛውን እጠብቃለሁ፤ እሑድ ፖስታ እንደማይመጣ እያወቅሁ።

ተቀይመኸኝ ከሆነ ተቀየም፤ አለህ ምክንያት። ግን ተቀይሜያለሁ ብለህ ጻፍልኝ። መስታወቱ ስለሌለ ነው የማትጽፈው ብዬ ማሰብ እንዳልጀምር።

ደብዳቤዎችህን እኔም አስቀምጫለሁ፤ ሰሞኑን ደጋግሜ አነበብኳቸው። ከመጨረሻዎቹ ሁለቱ በቀር ሁሉም አናት ላይ እንደምን አሉ ይላሉ፤ ከዚያ ቀጥሎ ግድግዳው ነው። አልወቅስህም፣ እኔም የማወራህ ስለ እሱ ነበር። አሁን ግን ግድግዳው የለም። የምትጽፍልኝ ከሆነ፣ እንደምን አሉ የሚለውን እላይ ለወጉ አታስቀምጠው። መሃል ላይ አምጣውና፣ መስታወቱን ትጠይቀኝ እንደነበረው፣ ሁለት ጊዜ ጠይቀኝ። በመጀመሪያው ደህና ነኝ እልሃለሁ። በሁለተኛው እውነቱን እነግርሃለሁ።

ዜሊንዳ